በሞቴ አንድ ፍልጥ

እሳት ፊት እጁን አጣምሮ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው አለ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ በካርታ ሳንቲም አስይዞ አያውቅም፤ ምድጃ ካየ ግን ጣቱን ይበላዋል። ጠፍቶ ይሆን ብሎ ይከፍተዋል። አልጠፋም። አለመጥፋቱ ደግሞ አያረካውም። አንዷን ፍልጥ በሌላዋ ላይ ያጋድማታል፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያታል፣ መልሶ ያነሳታል፣ እፍ ይላል፣ ዓይኑን ያሻል። ከዚያ ከክምሩ ላይ አንዲት ይመዝና «ይቺን ብቻ» ይላል።

ነገር የምታበላሸው ሁልጊዜ «ይቺን ብቻ» የተባለችው ናት።

ሰፊ ቤት ውስጥ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል፤ የባሰበት ወደ ጓዳ ይሄዳል። እኔ የማወራው ግን ስለ ድንኳን ነው። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ማድቤቱም ያው አንድ ሸራ ነው፤ ከሸራው ውጭ ያለው ደግሞ የሰሜን ሚኒሶታ ጥር ነው።

እንዴት እዚያ እንደገባን ላስረዳ። ሚኒሶታ የከተምን ሐበሾች ብርዱን የምናሳልፍበት መንገድ ሁለት ነው፦ ቤት ዘግቶ ማማረር፣ አለዚያም ውጭ ወጥቶ ማማረር። ብዙኃኑ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ጤነኛ ስለሆነ ነው። እኛ ጥቂቶቹ ግን፣ ልጆቻችን «እናንተ እኮ ከሞቀ ቤት አትወጡም» እያሉ ስላናደዱን ይሁን ጎረቤታችን የሆነው ፈረንጅ ስላግባባን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል በሚያስረዝማት ቅዳሜና እሑድ ወደ ሰሜን እንወጣለን። በዓሉ የጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ስለሆነ ከጥምቀት ጋር ይጎራበታል፤ ይህ መጎራበት በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ከሚኒያፖሊስ አራት ሰዓት ያህል ተነድቶ ኢሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ይደረሳል። ከእሷ ወዲያ ባውንደሪ ዋተርስ ነው፤ እስከ ካናዳ ድንበር የተዘረጋ፣ ከ1,100 በላይ ሐይቆች ያሉበት ደን። በበጋ በታንኳ የሚቀዘፈው ውሃ በጥር ሰውን ከነጓዙ የሚሸከም በረዶ ይሆናል። ጓዛችንን ሸርተቴ ላይ፣ ሸርተቴውን ወገባችን ላይ አስረን በሐይቁ ላይ እንጎትታለን። ከኢሊ ብዙም የማትርቅ ታወር የምትባል መንደር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቦባት የስቴቱን ክብረ ወሰን ይዛለች። እኛ ያን አላየንም፤ ከዜሮ በታች 25 ግን አይተናል፤ ይበቃናል።

ስለዚህ ምድጃ የግድ ነው። የድንኳን ምድጃ ማለት ከስስ ብረት የተሠራ፣ በአራት አጫጭር እግሮች የቆመ፣ አንድ እቅፍ እንጨት እንኳ በቅጡ የማይዝ ሳጥን ነው። ከጀርባው የተነሳው ቱቦ፣ እሳት በማይበላው ጨርቅ በተከበበ ቀዳዳ አልፎ ከጣሪያው በላይ ብቅ ይላል። ስስ ስለሆነ በደቂቃዎች ይግላል፣ በደቂቃዎችም ይበርዳል። ሙቀቱን የሚገዙት ሁለት ናቸው። አንዷ በሩ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ናት፤ ስትከፈት እሳቱ ይተነፍሳል፣ ስትጠብ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለተኛዋ ቱቦው ውስጥ የገባች ክብ ቆርቆሮ ናት፤ ከውጭ በእጀታዋ ስትዞር ጭሱን ታዘገየዋለች፤ ሙቀቱም ወደ ሰማይ ከመፈርጠጡ በፊት ብረቱን አሙቆ እንዲሄድ ታስገድደዋለች። ትምህርቱ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ወይ ምድጃ ሻጭ ነው ወይ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እዚህ ዕድሜያቸውን በመኪና ማቆሚያ ጠባቂነት ጨርሰው፣ አሁን በጡረታ ያሉ ሰው ናቸው። ቤታቸው የገባ እንግዳ ጠግቦ አይወጣም፤ ተጎድቶ ነው የሚወጣው። ይህንኑ ጠባያቸውን ይዘው ድንኳን ገቡ። የምድጃውን በር ከፍተው ጎንበስ ይሉና «ምነው? አልበላህም እኮ!» ይሉታል። ከዚያ ልመናው ይከተላል። «በሞቴ አንድ ፍልጥ! አፈር ስሆን!»

ሰው እንኳ ሦስቴ ተገዝቶ፣ እጁን በሳህኑ ላይ ዘርግቶ፣ «በቃኝ በማርያም» ብሎ ይገላገላል። ምድጃ በምን እጁ ይከላከል?

የእሳት ተንኮሉ ለጉርሻው የሚሰጠው መልስ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። አዲስ የገባችው ፍልጥ መጀመሪያ ያላትን ውሃ ታተናለች፤ ለዚያ የሚሆናትን ሙቀት የምትበደረው ከራሱ ከምድጃው ነው። ስለዚህ እንጨት በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ድንኳኑ ጭራሽ ቀዝቀዝ ይላል። ጋሼ ይህን ሲያዩ «አላልኳችሁም? አልበቃውም!» ብለው ሁለተኛዋን ይሰዳሉ። ሁለተኛዋም ትበደራለች፤ ሦስተኛዋ ትጠራለች። በዚህ መሀል የመጀመሪያዋ ደርቃ ጋዟን መልቀቅ ትጀምራለች፤ ከእንጨት ሙቀት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ነበልባል ሆኖ ከሚነደው ከዚህ ጋዝ ነው። ሁለተኛዋ ትከተላለች፣ ሦስተኛዋ ትደርሳለች፣ ሦስቱም አብረው ይነሳሉ። ቱቦው ያጉረመርማል። የምድጃው ጎን ቀስ ብሎ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል።

ብርዱ በበረታ ቁጥር ይህ ይብሳል። ጭስን ወደ ላይ የሚጎትተው በቱቦው ውስጥ ባለው ትኩስ አየርና በውጭ ባለው ብርድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ውጭው ሲከፋ ቱቦው አየር በኃይል ይስባል፣ እሳቱም ይሰክራል። ጋሼ ብዙ የሚማግዱበትና ምድጃው ራሱ ልጓም የሚበጥስበት ሰዓት አንድ ላይ የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የሕንጻ ማሞቂያ የሚጠግን ኢንጂነር ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ሹራቡን እያወለቀ ማስተማር ደስ ይለዋል። ከጋለ ብረት የሚፈልቀው ጨረር ከብረቱ ግለት ጋር እኩል እየተራመደ አይጨምርም ይለናል፤ የምድጃው ጎን ከ250 ወደ 500 ዲግሪ ሲወጣ የሚወረውርብን ሙቀት ሁለት እጥፍ አይደለም፤ አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስሌቱን ሊያስረዳን ጣቱን ሲያነሳ የሚያየው የለም። ሁሉም ጭንቅላቱ ሹራቡ ውስጥ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሙቀት ወደ ላይ መሸሹ ነው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ራሱ ቆላ፣ ደረቱ ወይና ደጋ፣ እግሩ ውርጭ ነው። ግንባሬን ላብ እያጠበው እግሬ ሥር ያስቀመጥኩት የውሃ ጠርሙስ በረዶ ሲሠራ አይቻለሁ። ስለዚህ «ሞቀ» እና «በረደ» በሚሉ ወገኖች መካከል የሚደረገው ክርክር መፍትሔ የለውም፤ አንዱ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ሌላው ተጋድሞ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አብራን የምትሄደው ነርስ ክርክር አትወድም። ተነሥታ የድንኳኑን በር ትከፍታለች። የውጭው ብርድ ጉም ሆኖ በወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይገባል፤ ሁላችንም «እፎይ!» እንላለን፤ እፎይታው ሳያልቅ ጥርሳችን መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ከምድጃው ጥግ ድምፅ ይመጣል። «ማነው በር የከፈተው? ቤቱን አበረዳችሁት እኮ!» ቀጥሎ የሚሰማው የፍልጥ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ! አሁን እኮ ነው የጨመሩለት!»

«አንቺ ልጅ፣ እሳት ሳነድ ነው ያደግኩት።»

ይህ እንኳ አጠያያቂ ነው። እሳት ሲያነዱ ያደጉት እህቶቻቸው ይመስሉኛል፤ ጋሼ ሲሞቁ ነው ያደጉት። ልዩነቱን ለማየት እናቶቻችን በሦስት ጉልቻ ምን ያደርጉ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ረጃጅም እንጨት ጫፍ ጫፉን ብቻ ከድስቱ ሥር ያስገባሉ። ወጡ አልፈላ ሲል ገፋ፣ ሊገነፍል ሲል ሳብ። የወጣው ጫፍ አመድ ውስጥ ይዳፈናል፤ ማታ ይቀጥላል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ማገዶ ይፈጃል፣ ይህን የሚክድ የለም፤ ሐሳብ ለመቀየር ግን እንደሱ የሚመች የለም። የድንኳኑ ምድጃ ግን በር አለው፣ እንጨቱም በልኩ ተቆርጦ ነው የሚገባው። የገባ አይወጣም። ቢወጣስ? አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ሙቀቱ ሲያስጨንቀው ግማሹ የነደደ ጉማጅ በመቆንጠጫ ይዞ አወጣ። ካወጣው በኋላ ነው የት እንደሚያስቀምጠው ያሰበው። ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ሸራ። «በሩን! በሩን!» እያለ ሲዞር በሩን የዘጋው ዚፕ ብርድ ይዞት አልከፈት ብሏል፤ ጉማጁ ይጨሳል፣ እኛ እንስላለን፣ ጋሼ «መልሰው! መልሰው! ቦታው እዚያ ነው!» ይላሉ። በመጨረሻ ተመለሰ። ጋሼ አልተሸነፉም።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። የፊንላንድ ዘር ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ የፊንላንድ ስደተኞች የብረት ማዕድን ሊቆፍሩ መጥተው ሳውናቸውንም ይዘው መጥተዋል፤ የእርሱም አያቶች ከነዚያ ናቸው። ተራው ሲደርስ ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ ያስገባል፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል አመድ ይተዋል፣ ብረቱን እንዳያቃጥለው። እስኪነሳ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ሲነሳ ይዘጋል፤ የቱቦዋን ቆርቆሮ ትንሽ ያዞራል። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ምንም አይሠራም። ለሩብ ሰዓት። እኛ ዘንድ ሰው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይሠራና ሳይናገር ከተቀመጠ አሞታል ማለት ነው፤ ነርሷ አንድ ሁለቴ የልብ ምቱን ልትለካ ዳድቷታል።

ጠይቄው የመለሰልኝ ነገር አለ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ይዘቱ ይህ ነው። ሙቀት የሚለካው ምድጃው ከተከፈተ በኋላ አይደለም፤ መጥረቢያው ላይ ነው። ቀጭን ፍልጥ ቶሎ ይነሳል ቶሎም ያልፋል፤ ወፍራም ይዘገያል ይቆያልም። ምን ያህል እንደሚሞቅህ የወሰንከው ከሰዓት በኋላ እንጨቱን ስትፈልጥ ነው። ማታ ላይ ያለህ ሥልጣን ትንሽ ነው።

በእርሱ እጅ ድንኳኑ ይረጋል። የሚያሳዝነው የሚረጋበት ቁጥር ነው። ሳውና ውስጥ 80 ዲግሪ ላይ ቁጭ ብሎ ያደገ ሰው ስለሆነ ድንኳኑን 35 ላይ ያረጋውና በካናቴራ ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ጋሼ ሙቀቱን በችኮላ ያመጡታል፤ እርሱ በዕውቀት ያመጣዋል። ለእኛ ለሌሎቻችን ላቡ አንድ ነው።

የጦር ሠራዊትን በምድጃ ለማሞቅ ያሰበ ሰው ማን ይሆን ብዬ ሳገላብጥ ያገኘሁት ደግሞ እሳትን ገዝቶ ራሱን መግዛት ያቃተው መኮንን ነው። ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1816 ሉዊዚያና ውስጥ የተወለደ። የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ሾጣጣ ድንኳን አይቶ፣ በአንድ ምሰሶ የሚቆም የወታደር ድንኳን ሠራና በ1856 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ምድጃውም በስሙ ይጠራል፤ ከቆርቆሮ የተጠቀለለ ሾጣጣ ነው፣ ወለል የለውም፣ መሬት ላይ ይደፋል። ወታደሩ አየር ሲፈልግ ከጠርዙ ሥር አፈር ይጭራል፤ ሲበዛበት አፈሩን ይመልሳል።

የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ሲብሊ ለደቡቦቹ ገባ። በየድንኳኑ ሊከፈለው የነበረው ገንዘብ ቀረ፤ የሰሜኑ ጦር ግን በእርሱ ድንኳን ውስጥ ማደሩን አልተወም። ሲብሊ በ1862 ኒው ሜክሲኮን ሊይዝ ዘመተ፤ ስንቁን የጫኑትን ጋሪዎች የሰሜን ወታደሮች አቃጠሉበትና ዘመቻው በዚያው ከሸፈ። መጠጥ ስለሚያበዛ ወታደሮቹ የሚሄድ የውስኪ በርሜል ይሉት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፍለጋ ግብፅ ሄዶ የኸዲቭ እስማኤል ጄኔራል ሆነ። አዎ፣ ያው በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ጦር የላከብን እስማኤል። ሲብሊ ግን ለጉራ አልደረሰም፤ ከዚያ በፊት ተሰናብቷል። ጉራ ላይ የግብፁ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ የተገኘው ሌላው የደቡብ ጄኔራል ሎሪንግ ነበር።

ይህን ለጋሼ አንድ ማታ አወራሁላቸው። አንድ ፍልጥ በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እና ሰውዬው ሳይመጣ ቀረ?»

«አልመጣም።»

«ቢመጣማ አሉላ በደንብ ያሞቀው ነበር» አሉና ፍልጧን ላኳት።

ስለ እንጨት ዓይነት የሚደረገው ሙግት ሌላ ነው። የበርች ቅርፊት ዘይት ስላለው እርጥብም ሆኖ ይቀጣጠላል፤ ለመለኮስ ከእሱ የሚሻል የለም። ሴዳር ይንጣጣል። ታማራክ የሚሉት፣ በመጸው ቅጠሉን የሚያራግፍ የጥድ ዘመድ፣ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቆሞ የደረቀ ዛፍ ነው፤ የወደቀው በበረዶ ታፍኖ ውሃ ጠጥቷል። ጋሼ ከነዚህ አንዱንም አይቀበሉም። ለእርሳቸው ማገዶ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ ማገዶ ቢያልቅባቸው ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው እንደነበርና አዲስ አበባን ያቆማት ባሕር ዛፍ መሆኑን በየዓመቱ ያስታውሱናል። «ዛፉ ከተማ አቁሟል፤ ድንኳን ያቅተዋል?» ይላሉ። ባሕር ዛፍ ሚኒሶታ ውርጭ ላይ እንደማይበቅል ስንነግራቸው ጥፋቱን በሚኒሶታ ያደርጉታል።

ሌሊቱ የሁሉንም ጠባይ ያወጣዋል። ትንሽ ምድጃ ጢም ተደርጎ ቢሞላ እንኳ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል እንጂ አያነጋም። ስለዚህ ሰው መነሳት አለበት። ተራ እናወጣለን። ተራ ማውጣት ቀላል ነው፤ መተኛትን ማስመሰል ግን ጥበብ ነው። እሳቱ ሲወርድ ብርዱ በመጀመሪያ አፍንጫ ይነካል፤ ሁሉም ይነቃል፤ ሁሉም እንደነቃ ያውቃል፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ማንኮራፋት የጀመረው ሰው ተራው የደረሰው ነው። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ተነሥቶ ሁለተኛዋን የሚጨምር ግን ሲፈለግ የለም። ቀን ላይ «ይቺን ብቻ» ሲሉ የዋሉት ጋሼ ሌሊት ከበግ ቆዳቸው ሥር አይወጡም። ቀኑን ሙሉ ተርፎ የፈሰሰው ሙቀት ለዚያች ሰዓት ብትቀመጥልን እላለሁ፤ ሙቀት ግን አይታቆርም።

እዚህ ላይ አንዱ ብልጥ ሁልጊዜ «ለምን አናዳፍነውም?» ይላል። አየር መግቢያዋን ድርግም፣ የቱቦዋን ቆርቆሮ ድርግም፤ ፍሙ ቀስ እያለ ያነጋልናል። ቤታችን እሳት አመድ ለብሶ ያድር አልነበረም? ነርሷ ይህን ስትሰማ ቀልዷ ይጠፋል። አየር የተነፈገ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። የአገር ቤቱ ጎጆ ቢጨስም የጣሪያው ሣር ያሳልፍ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል ለኩሰው በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦችን ዜና ያልሰማ የለም። ድንኳን ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ስለዚህ ሕጉ አይነካም፦ ከላይ ያለው ማናፈሻ ሌሊቱን ክፍት ያድራል፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ጭንቅላታችን አጠገብ ይሰቀላል። በረደኝ የሚል ካልሲ ይደርብ።

መሣሪያዋ ከሚሊዮን እጅ 400 የሚሆን ጋዝ ካገኘች በሩብ ሰዓት ውስጥ ትጮሃለች፤ 70 ከሆነ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ትታገሳለች። ጋሼ አልወደዷትም። «ሰላይ» ብለዋታል። አንድ ሌሊት ጮኸች። ካልሲ ያደረገ በካልሲ፣ ያላደረገ ባዶ እግሩን፣ ጎረቤታችን በካናቴራው፣ ሁላችንም በረዶው ላይ ቆምን። ነርሷ እየዞረች የሁሉንም ስም ጠራች፤ ተቆጠርን፤ ሞልተናል። በመጨረሻ ኢንጂነሩ አፍንጫውን ሸፍኖ ገባና መሣሪያዋን ይዞ ወጣ። ባትሪዋ ነው። ብርድ ባትሪ ያዳክማል፤ መርዝ አግኝታ ሳይሆን ጉልበት አጥታ ነበር የምትጮኸው። ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ የቆየው ድንኳን፣ ፍሙ ብቻ የቀረው ምድጃ፣ ቴርሞሜትሩ ላይ 18 ዲግሪ። ስንጣላበት የኖርነው ልክ ሙቀት መጥቶ ሰው አጥቶ ነበር።

ከጥምቀት ጋር መጎራበቱ ያመጣው ጣጣ ይህ ነው። የከተራ ዕለት ጋሼ ልባቸው ጃን ሜዳ ይሄዳል። ታቦታቱ በድንኳን ያድራሉ፣ ካህናቱ ማኅሌት ቆመው ያነጋሉ፣ ሕዝቡ ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ምድጃ የሚባል ነገር የለም። «በእምነት ነው የሚሞቀው» ይሉናል። ኢንጂነሩ የአዲስ አበባ ጥር ሌሊት ከዜሮ በላይ መሆኑን ሊያስረዳ ይሞክራል። ጋሼ በሐዘን ያዩታል። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረው፣ እምነታቸውን በፍልጥ ያጠናክሩታል።

በመጨረሻ ነርሷ ሕግ አወጣች። የምድጃውን በር ያለ ተራው የከፈተ ሰው የዕለቱን ሳህን ያጥባል። ሁላችንም እጅ አወጣን፤ ጋሼም አወጡ። ሕጉ በወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጋሼ ከፈቱ። እጅጌያቸውን አጥፈው ሳህኑን ተረከቡ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ድል መሰለን።

ሳህን ለማጠብ ግን ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ የሚገኘው በረዶ ቀልጦ ነው። ኢንጂነሩ መናገር የሌለበትን ነገር የተናገረው ያኔ ነው፦ በረዶን ማቅለጥ ብቻውን፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ የማሞቅ ያህል ጉልበት ይበላል አለ። ጋሼ ይህን በደንብ ሰሙት። ትልቁን ድስት በበረዶ ሞልተው ምድጃው ላይ ጣዱ፤ የቱቦዋን ቆርቆሮ ከፈቱ፤ ከክምሩ ሥር በጣም ወፍራሟን ጉማጅ መርጠው አወጡ።

«ጋሼ!» አለች ነርሷ።

«ቅጣቴን እየፈጸምኩ ነው የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ። «ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»